የሰበሰብነውን ማን ያንሣው? ስለ ጎንደር ጽዳት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ለጎንደር ከተማ ነዋሪዎች እና የከተማዋን የጽዳትና የውበት ሥራ ለምትመሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በጎ ፈቃደኞች የሚሰበስቡት ቆሻሻ በወቅቱ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ባለፈው ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ እንደ አባት እናቶቻችን ልማድ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ተቃጠለ፤ ሰፈራችንም እስከ ማታ በጭስ ታጥኖ ዋለ። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ከአያቶቻችን የሰማን ሁሉ እናውቃለን። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ሰው ሁሉ ማንም ሳያዘው መጥረጊያ ይዞ ከደጁ ሲወጣ ማየት እኔን ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል። በአካባቢ ጤና ሙያ ሠርቼ ጡረታ እንደወጣሁ ሰው ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም፤ አያቶቻችን ያጠኑት በገለባ፣ በቅጠልና በእንጨት ነበር፤ እኛ የምናቃጥለው ፌስታል፣ ሃይላንድና የጫማ ሶል ነው፤ ጭሱም ጎጂ ነው፣ በተለይ ለሕፃናትና አስም ላለባቸው ሰዎች። ሆኖም ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጭሱ አይደለም። በማግሥቱ ቅዳሜ ስወጣ ያልተቃጠለው ክምር፣ አመዱና በግማሽ የቀለጠው ፕላስቲክ በየጥጉ እንደተቆለለ አገኘሁት፤ ዛሬ ሰኞም እዚያው ነው። መጥረጉን አላጣነውም። ያጣነው የተጠረገውን የሚያነሣ ነው።

ማን እንደሆንን አስቀድሜ ልናገር። በሰፈራችን በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ጠዋት ወጥተን መንገድና የውኃ መውረጃ ቦይ የምናጸዳ ሰዎች ነን፤ ቁጥራችን አንዳንዴ 12፣ አንዳንዴ 30 ይደርሳል። በማኅበርነት አልተመዘገብንም፤ ማኅተም የለንም፤ እኔም ይህን የምጽፈው እንደ አንድ ነዋሪ እንጂ እንደ ሊቀ መንበር አይደለም። ከመካከላችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች፣ አንድ አናጢ፣ የእድራችን እናቶች፣ አንድ ዲያቆን፣ ከአዲስ ዓለም በኩል የሚመጡ የመስጊድ ወጣቶችም አሉ። ንብረታችን 3 አካፋ፣ እጀታው ሁለት ጊዜ የተቀየረ አንድ ዶማ እና የየቤታችን መጥረጊያ ነው። የእጅ ጋሪ የሚያውሰን አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ሲሆን፣ ባዶ ማዳበሪያውን ከእህል ነጋዴዎች እንለምናለን፤ ጓንት ግን ከኪሳችን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል ያገራችን ሰው፤ ሃምሳው ሰው ሎሚውን ተሸክሞ የሚያደርስበት ቤት ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ግን ተረቱ አይነግረንም።

በሐምሌ የሆነውን ላስረዳ። ቁልቁል ወደ ቀሃ ወንዝ የሚወርደው የሰፈራችን ቦይ በክረምቱ መግቢያ ተደፍኖ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ ኮብልስቶኑን ዘልሎ ሰው ቤት ይገባ ነበር። ሁለት እሑድ ወጥተን ጠረግነው። ከላይ ሲታይ ጭቃ ብቻ ይመስል ነበር፤ ዶማው ሲገባበት ግን የወጣው በጭቃ የተለሰነ ፌስታል ነው፤ እንደ ድሪቶ ተደራርቦ እርስ በርሱ ስለተያያዘ አንዱን ጫፍ ይዘን ስንጎትተው አንድ ክንድ የሚያህል ተከታትሎ ይወጣል፤ በየመካከሉ የሕፃን ዳይፐር፣ የጫት ገራባ፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ፀጉሩ እንኳ ያልረገፈ ሙሉ የበግ ቆዳ አገኘን። ቆዳ ድሮ ከበዓል ማግሥት ነጋዴው በየቤቱ እየዞረ የሚገዛው ነገር ነበር፤ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ በዓል ባለፈ ቁጥር ሜዳ ላይና ቦይ ውስጥ ሲጣል እናያለን። ይህ የጎንደር ብቻ ችግር አይደለም፤ ነገር ግን ጎንደር ውስጥ ቦዩን የሚደፍነው የጎንደር ቆዳ ነው።

በሁለተኛው እሑድ ማታ 43 ማዳበሪያ ሞልተን፣ አፋቸውን በሲባጎ አስረን በመንገዱ ዳር ደረደርናቸው። መኪናው ሰኞ ይመጣል ተብለን ነበር። ይህን የነገረን ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስንደውል ስልኩን ያነሣ ነበር፤ ሰኞ ነዳጅ የለም አለን፤ ረቡዕ መኪናው ሌላ ሥራ ላይ ነው አለን፤ ዓርብ ግን አላነሣም። ረቡዕ ሌሊት ውሾች ማዳበሪያውን ቀደዱት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ሁለት ሰዓት አልፈጀም፤ ከማዳበሪያዎቹ የግማሾቹ ሆድ ዕቃ ተመልሶ ከወጣበት ቦይ ገባ። በዚያ ጥግ ጎመንና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ጉሊታቸውን አንሥተው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ስናገኛቸው፣ «ልጆቼ፣ ተበትኖ ሳለስ ዓይኔን ጨፍኜ አጠገቡ እሸጥ ነበር፤ እናንተ ሰብስባችሁ ደጄ ላይ ከመራችሁልኝ» አሉን። ምን ብለን እንመልስላቸው? በቀጣዩ ተራ የወጣነው 5 ሰዎች ብቻ ነበርን፤ የቀሩትንም አልወቀስኳቸውም።

ያን ሰውም ሆነ የሚሠራበትን ቦታ በስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም ችግሩ የአንድ ሰው ስንፍና አይመስለኝም። መኪናው የሚመጣበት የታወቀ ቀንና ሰዓት የለውም፤ የሚመጣው ሲለመን ነው። በልመና የሚመጣ መኪና ደግሞ የሚለምነው ሰው ሲደክመው ይቀራል።

ከሙያዬ ጥቂት ልጨምር። የቤት ዝንብ እንቁላል ከተጣለበት ቀን አንሥቶ ክንፍ ያለው ዝንብ ሆኖ እስኪወጣ በሞቃት ወቅት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል፤ ብርድ ሲሆን ይዘገያል እንጂ አይቀርም። የቤት ቆሻሻ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሲቻል ሁለት ጊዜ መነሣት አለበት የሚባለው ለዓይን ውበት ሲባል ብቻ ሳይሆን፣ የዝንቡ እጭ (ትሉ) ክንፍ አውጥቶ ዝንብ ሳይሆን በፊት ከሰፈር እንዲወጣ ነው። የተበተነ ቆሻሻ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ የተከመረ ቆሻሻ ግን ውስጡ እርጥብና ሞቃት ሆኖ ይቆያል፤ ለዝንብ እጭም ለአይጥም ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ስለዚህ እኛ በደግ ልብ የሰበሰብነው 43 ማዳበሪያ ሳይነሣ ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ለእኒያ ጎመን ሻጭ እናት ካለመሰብሰቡ ይልቅ የከፋ ነገር ሠርተንባቸዋል ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ጎንደር አስተማሪ ከውጭ አያስፈልጋትም። በደምቢያ ብዙ ሰው ከጨረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ የተከፈተው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከኮሙኒቲ ነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን) ያሠለጥን ነበር፤ ሦስቱም ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ወደ ወረዳ እየወጡ ይሠሩ ነበር። ከዚህች ከተማ የወጣ ሳኒታሪያን ስንቱን አገር ሽንት ቤት አስቆፍሯል፤ የራሱ ከተማ ቦይ ግን ዛሬ በፌስታል ተደፍኗል።

ከቦዩ ያመለጠው ወዴት እንደሚሄድም ማሰብ ይገባናል። የሰፈራችን ቦይ ቀሃ ይገባል፤ ቀሃ ከአንገረብ ይገናኛል፤ ከዚያም በመገጭ አድርጎ ጣና ይደርሳል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መታየት ሲጀምር መጀመሪያ የታየው በዚሁ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር፤ አረሙን የሚያፋፋውም ከከተማና ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ነገር እንደሆነ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ወገባቸው ድረስ ውኃ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ የነበሩ ገበሬዎችና ወጣቶች እንደ እኛው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ከዚህም የሚቀርበን አለ። የፋሲል መዋኛ ውኃውን ከቀሃ ወንዝ በቦይ እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ሲሞላ፣ ታቦታቱ ወርደው ሲያድሩበት፣ ካህናቱ ሲባርኩት፣ ወጣቱ እየዘለለ ሲገባበት የምናየው ያ ውኃ የዚህ ወንዝ ስጦታ ነው። ወንዙን በጥር እየባረክን በሐምሌ ዳይፐር እንጥልበታለን።

ስለ ሕግ ብዙ አልናገርም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከተማ አስተዳደሮች የቆሻሻ አያያዝ ዕቅዳቸውን ሲያወጡና ሲፈጽሙ ታችኛውን የአስተዳደር እርከንና የአካባቢውን ኅብረተሰብ እንዲያሳትፉ ያዛል፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታልም ያኔውኑ ታግዶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከፊተኛው አጥብቆ ከልክሏል። አዋጁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ቲማቲም የሚሸጥ ሰው በምን እንደሚቋጥር ሳይነገረው ቅጣቱ ብቻ ቢነገረው ፌስታሉን ከባንኮኒው ሥር ይደብቀው እንደሆነ እንጂ አይተወውም። እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ቅዳሜ ገበያ ይወጡ ነበር፤ ዘንቢሉ ዛሬም ይሸጣል።

አሁን የምንጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። ገንዘብ አንጠይቅም፤ ቲሸርትም አንፈልግም። ከሁሉ በፊት የምንለምነው፣ በጎ ፈቃደኞች በሚወጡበት እሑድ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሚመጣ አንድ መኪና እንዲመደብና ቀኑና ሰዓቱ በጽሑፍ እንዲታወቅ ነው፤ መኪናው በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣው ለአንድ ሰዓት ሥራ ቢሆን ይበቃናል፤ መጫኑን እኛ እንጭናለን። መኪና ከጠፋ ገንዳ ይቀመጥልን፤ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ከነዋሪው ጋር ተመክሮበት ይሁን፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት በሰፈራችን የነበረው ገንዳ የተነሣው ደጃፋቸው ላይ የተቀመጠባቸው ሰዎች አቤት ብለው ነው፤ እውነታቸውንም ነበር፤ ሞልቶ እየፈሰሰ ሳምንት የሚቆይ ገንዳ ማንም ደጁ ላይ አይፈልግም። ገንዳ ያለ መኪና ትልቅ ማዳበሪያ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ፣ አካፋና ዶማ የምናስቀምጥበት አንድ ጥግ በቀበሌው ግቢ ቢሰጠን፣ ቦይ ውስጥ ለሚገቡ ልጆችም ቦት ጫማና የቲታነስ ክትባት ቢመቻችላቸው ደግ ነው፤ ባለፈው ክረምት አንዷ ተማሪ እግሯን በተሰበረ ጠርሙስ ተወግታ እኔው ነኝ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድኳት፤ ለእናቷ ያን ቀን የተናገርኩት ቃል እስካሁን ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ። በፒያሳ ጎህ ሳይቀድ መንገድ የሚጠርጉ ሴቶች አሉ፤ ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሰው ከመውጣቱ በፊት ጨርሰው ይሄዳሉ። በየቤቱ እየዞሩ በጋሪ የሚሰበስቡ የማኅበር ልጆችም አሉ። የእኛ በነፃ መሥራት የእነርሱን ደመወዝ ለመቀነስ ወይም ሰው ላለመቅጠር ምክንያት ከሆነ እኛ ብንቀር ይሻላል። እኛ የምንገባው እነርሱ የማይደርሱበት ቦይና ገደል ውስጥ ነው፤ ለሥራው ባለቤቶቹ እነርሱ ናቸው፤ እኛ ደቦ ነን። ደቦ ደግሞ የሚወጣው የእርሻው ባለቤት ሲጠራው፣ ቀኑም ቀድሞ ሲነገረው ነው።

ስለ ዘመቻ ካልተናገርኩ ደብዳቤዬ አይሞላም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ባነር ተሰቅሎ፣ ኮፍያ ታድሎ የጽዳት ዘመቻ ይጠራል፤ እኛም እንወጣለን። አንድ ጊዜ ታዲያ ጠዋት በ1 ሰዓት ጠርገን በጨረስነው መንገድ ላይ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች በ4 ሰዓት ደርሰው መጥረጊያ ያዙ፤ የሚጠረግ ስላልነበረ ካሜራ የያዘው ልጅ ከቦዩ ዳር ካስቀመጥነው ማዳበሪያ ጥቂት አውጥቶ በተነላቸው። ሳቅን፤ እነርሱም ሳቁ። ፎቶው አምሮ ወጥቷል። ያን ዕለት ግን የተበተነውን መልሶ የሰበሰበው ያው ዲያቆኑ ነበር።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና መንገዶች ሰፍተዋል፣ የእግረኛ መንገድና መብራት አግኝተዋል፤ በፋሲል ግቢም ትልቅ የጥገና ሥራ ተሠርቷል። ይህን ማየት ያስደስታል። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ግንቡ ነው፤ ጎብኚ ግን በአየር ተነሥቶ ግንቡ ውስጥ አያርፍም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከአዘዞ ጀምሮ መንገዱን አይቶ ነው የሚደርሰው። ደግሞም ስለ ጎብኚ ስናወራ ዋናውን እንዳንረሳ እሰጋለሁ፤ እንግዳ በመጣበትም ባልመጣበትም ዘመን እዚህ የምንኖረው እኛ ነን፤ ከጃንተከል ዋርካ ጥላ ሥር የምንቀመጠው፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለው ኮረት ላይ የምንመላለሰው እኛ ነን። ከተማ የሚያምረው ፊት ለፊቱ ብቻ ከሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑ ተጠርጎ ጓዳው እንደሚዘጋበት ቤት ነው።

ለነዋሪው ወገኔም አንድ ሁለት ቃል አለኝ፤ መኪናውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነውና። ዝናብ ሲያጉረመርም ጠብቃችሁ ማዳበሪያችሁን ጎርፍ ላይ የምትለቁ ቤቶች እናውቃችኋለን፤ ስማችሁን ግን አልጽፍም። ሱቅ ያላችሁ፣ ከደጃችሁ ፊት ያለው ቦይ የእናንተ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም መጥረጊያችሁ ከሱቁ ደፍ ወደ ቦዩ ሲገፋ እናያለን። ጓሮ ያላችሁ ደግሞ ልጣጩንና የአትክልት ትርፍራፊውን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከአፈር ጋር እያፈራረቃችሁ ብታበሰብሱት፣ ለመኪና የሚተርፈው እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ ሃይላንዱን ለይታችሁ ብትይዙት የሚወስድላችሁ ቆራሌው ራሱ ነው። እኔ ይህን ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ጌሾዬን ያየ ሰው ያውቃል።

ጥምቀት ሊደርስ ልክ 8 ሳምንት ቀርቶታል። የጎንደር ወጣት ለጥምቀት እንደሚወጣ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ሰንደቅ ይሰቅላል፣ መንገድ ያጥባል፣ ታቦቱ በሚያልፍበት ምንጣፍ እያነጠፈ፣ እያጠፈ፣ እየሮጠ ፊት ፊት ያነጥፋል። በ2012 ዓ.ም. በዓሉ በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ከሰፈረው ነገር የዚህ ልጅ ላብ አለበት። ጥር 10 ከተማዋ እንደ ሙሽራ ትሆናለች። ጥር 12 ሚካኤል ከገባ በኋላስ? ጥር 13 ቀን ጠዋት ከመዋኛው እስከ ፒያሳ የሸንኮራው ልጣጭ፣ ሃይላንዱና ፌስታሉ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይደርሳል፤ ያን ቀን ባነር የለም። ዘንድሮ ጥር 13 ረቡዕ ላይ ይውላል፤ የሰፈራችን ልጆች ከጠዋቱ 1 ሰዓት በመዋኛው በር ላይ ለመገኘት ቃል ገብተዋል፤ የሌላ ሰፈር ልጆችም ቢቀላቀሉን ደስታችን ነው፤ ሦስት መኪና በዚያ ቀን በዚያ ቦታ እንዲቆም ከአሁኑ ቢያዝ ደግሞ ጊዜው አልረፈደም።

እስከዚያው ድረስ የእኛ ተራ የታወቀ ነው። የፊታችን እሑድ ኅዳር ጽዮን ስለሆነ አንወጣም፤ የምንወጣው ኅዳር 28፣ ታኅሣሥ 12 እና ታኅሣሥ 26 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ኅዳር 28 የምንገባው ያው በሐምሌ የጠረግነው ቦይ ውስጥ ነው። ማዳበሪያዎቹን ከዚህ ቀደም ባደረግነው ቦታ አንደረድርም፤ ጎመን ሻጭዋ እናት ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋልና ከእርሳቸው ራቅ ብሎ፣ መኪና ዞሮ ሊመለስበት በሚችለው ሰፊ ጥግ እናስቀምጣለን። መኪናው ኅዳር 29 ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቢመጣ እዚያው ቆመን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሰፈር ጽዳት በጎ ፈቃደኛ
ጎንደር